«ቅሬታ ካቀረብኩ ጂፒዬ ያባርረኛል» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ለንደን ውስጥ በሕክምና ቦታዎች ማስተርጎም ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ሐኪሙ ክፍል የሰማሁት እዚያው ይቀራል። ከክፍሉ ውጭ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ለቅሶ ቤት፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የምሰማው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ስለ ጂፒ፣ ማለትም ስለ ሰፈራችን የቤተሰብ ሐኪም፣ ከሚወራው ብዙው ስህተት ነው። ወሬ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሰው ግን እየታመመበት ነው። የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸው አሠራር አላቸው።

«ወረቀት ከሌለህ ጂፒ አይመዘግብህም።»
ስህተት። ለመመዝገብ ፓስፖርትም፣ የአድራሻ ማረጋገጫም፣ የመኖሪያ ፈቃድም ግዴታ አይደለም። ሪሴፕሽን ላይ ቢጠይቋችሁ «የለኝም» በሉ። በዚህ ብቻ ሊመልሷችሁ አይችሉም። ጥገኝነት የጠየቀም፣ ጥያቄው ውድቅ የሆነበትም ጂፒ ጋ የሚታየው በነፃ ነው። ሆስፒታል ግን ሌላ ነው፤ እዚያ እንደ ሰውየው ሁኔታ የሚያስከፍል ሕክምና አለ። ሁለቱን አታምታቱ።

«ሰርጀሪ ና ካሉህ ቀዶ ጥገና ነው።»
አይደለም። እዚህ አገር የጂፒ ክሊኒክም ሰርጀሪ ይባላል።

«ፋርማሲ ሂድ ማለት ሊያባርሩህ ፈልገው ነው።»
ከጥር 2024 (በፈረንጆች) ጀምሮ ፋርማሲስቱ ሰባት ሕመሞችን ራሱ አይቶ መድኃኒት መስጠት ይችላል። የጉሮሮ ሕመም፣ የልጆች የጆሮ ሕመም፣ አልማዝ ባለጭራ፣ የሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከነሱ ውስጥ ናቸው። ካስፈለገም ያለ ሐኪም ወረቀት አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ሂዱ።

«ልጄ ታስተረጉምልኛለች።»
እባካችሁ ተዉ። አንዲት እናት የወር አበባዋ ተዛብቶባት ጂፒ ጋ ስትሄድ የ10 ዓመት ልጇን ይዛ ሄደች። ልጅቷ አፈረች። ጫማዋን እያየች «ሆዷን ያማታል» አለች። ሐኪሙም የሆድ መድኃኒት ጻፈ። ይህን የነገረችኝ እናትየዋ ራሷ ናት፣ ከስንት ወር በኋላ። አስተርጓሚ በነፃ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ኤንኤችኤስ፣ ማለትም የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ፣ ረዘም ያለ ቀጠሮ» በሉ። ይቺን አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

«ሰው ከበዛ ነገ ጠዋት ደውል ይሉሃል፣ ምን ታደርጋለህ?»
ከ2023 ጀምሮ ጂፒዎች ከኤንኤችኤስ ጋር ያላቸው ውል ይህን አይፈቅድም። ቀጠሮ ባይኖር እንኳ የደወለው ሰው ጉዳይ በዚያው ዕለት ታይቶ ወዴት እንደሚሄድ ሊነገረው ይገባል። ብዙ ቦታ ግን አሁንም «ነገ ደውሉ» ይላሉ። ለምን አይሉም? ማንም አይናገራቸውማ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ «ቅሬታ ካቀረብኩ ከጂፒው ያስወጡኛል፤ ሆም ኦፊስም (የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት) ይሰማል፤ ወረቀቴ ይበላሻል።»

ጎረቤቴ የ60 ዓመት ሴት ናቸው። ደም ተመርምረው ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ክሊኒኩ ውጤቱን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላከ። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ይህንንም ክሊኒኩ ያውቃል፣ ሁልጊዜ የሚታዩት በአስተርጓሚ ነውና። በራቸው ጀርባ አንድ የቴስኮ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፈት እዚያ ይገባል። አንድ ቀን እግሬን ይደነዝዘኛል ብለው ሲጠሩኝ ፌስታሉን ዘረገፍነው። የስኳሩ ደብዳቤ አራት ወር ሆኖታል። በእነዚያ አራት ወራት አንድ ሰው አልደወለላቸውም።

«ቅሬታ እናቅርብ» አልኳቸው። «ሆድ ይፍጀው ልጄ፣ በሰው አገር» አሉኝ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረትም ጨመሩልኝ። እኔ ደግሞ ዝም ሲነቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የእሳቸው እግር ምስክር ነው።

እውነታው ይኸውና። የሐኪሞች ተቆጣጣሪ የሆነው ጀነራል ሜዲካል ካውንስል መመሪያ ግልጽ ነው፦ ሐኪም፣ ታካሚ ቅሬታ ስላቀረበ ብቻ ግንኙነቱን ማቋረጥ የለበትም። ክሊኒኩ ሰው ከዝርዝሩ ለማስወጣት በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ባለፉት 12 ወራት ውስጥ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት። ዛቻና ድብደባ ሌላ ነው፤ እሱ ወዲያው ያስወጣል። ቅሬታችሁ የሚቀመጠውም ከሕክምና ፋይላችሁ ተለይቶ ነው።

የሆም ኦፊስ ፍርሃት ከመሬት አልተነሳም፤ ይህን አልክድም። በ2017 ኤንኤችኤስ የሰዎችን አድራሻ ለሆም ኦፊስ የሚሰጥበት ስምምነት ነበር። ተቃውሞ በዛበትና በ2018 ተነሳ። ቅሬታ ማቅረብ ግን ያኔም ሆነ ዛሬ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር አይገናኝም።

አቀራረቡም ከባድ አይደለም። በጽሑፍም በቃልም ይቻላል። ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ንገሩ። ፊት ለፊት መነጋገር ካልፈለጋችሁ የአካባቢውን የጤና አገልግሎት ለሚመራው ቦርድ፣ አይሲቢ ለሚባለው፣ አቅርቡ። ነገሩ ከተፈጸመ ወይም ካወቃችሁ 12 ወር ሳያልፍ ይሁን። ቅሬታው እንደደረሳቸው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው። መልሱ ካላረካችሁ እንደ አገር ቤቱ እንባ ጠባቂ ያለ ተቋም አለ፣ ኦምቡድስማን ይባላል፣ በነፃ ነው። በየአካባቢው ቅሬታችሁን በነፃ የሚያግዝ የአድቮኬሲ አገልግሎትም አለ። ስትጽፉ ስድብ አይግባበት። ቀኑን፣ የሆነውን፣ እንዲደረግላችሁ የምትፈልጉትን ብቻ አስፍሩ።

ጎረቤቴ በመጨረሻ እሺ አሉ። ግማሽ ገጽ ጻፍን። መቀበላቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ይቅርታ ጠየቋቸው፣ ውጤት በአስተርጓሚ በስልክ እንዲነገራቸውም ፋይላቸው ላይ ተጻፈ። ማንም ከየትም አላስወጣቸውም።

«የሕመምተኞች ስብሰባ ለእንግሊዞች ነው።»
ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ ጂፒ ከታካሚዎቹ ጋር የሚመክር ቡድን እንዲኖረው ውሉ ያስገድዳል። ሪሴፕሽን ላይ ጠይቁ። እኔ በምካፈልበት ቡድን ለሁለት ዓመት አማርኛ ተናጋሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ ሐበሻ ታካሚ ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የሁሉን መናገር አልችልም።

«መጠይቁን ማን ያነበዋል?»
በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ከ2 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው በደብዳቤና በስልክ መልእክት የጂፒ መጠይቅ ይላካል። የሚመልሰው ከሦስት ሰው አንድ አይሞላም። ውጤቱ በየክሊኒኩ ተለይቶ ለሕዝብ ይወጣል፤ ስልኩ ይነሳል ወይ፣ ሐኪሙ ያዳምጣል ወይ የሚለው ሁሉ በመቶኛ ተቀምጦ። እኛ ካልመለስን ቁጥሩ የሌላውን ሰው ልምድ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ክሊኒኩም ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያምናል።

ባለፈው ጥር ለጎረቤቴ ደረሳቸው። ፌስታሉ ውስጥ አላስገቡትም፤ ጠሩኝ። ቡና እያፈሉ ጥያቄ በጥያቄ አነበብኩላቸው። በስልክ ማግኘት ቀላል ነው ወይ የሚለው ላይ ስንደርስ ጀበናውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና «አስቸጋሪ ነው በይ» አሉኝ። እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው፤ ምልክቱን ራሳቸው አደረጉ።