የጁሊያን ቀን ምንድን ነው? የከዋክብት ሶፍትዌር «ከ… እስከ…» ሲላችሁ

የሥነ ፈለክ ሶፍትዌር ከፍታችሁ የአንድ ኮከብ መረጃ ስትጠይቁ «ከ» እና «እስከ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይመጣሉ። ቀን ልታስገቡ ስትሉ ሳጥኑ ውስጥ 2458758 የሚል፣ ስልክ ቁጥር የሚመስል ነገር ተቀምጦ ታገኛላችሁ። እሱ የጁሊያን ቀን ነው።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ወር የለውም፣ ዓመት የለውም፣ ጳጉሜን የለውም። ከአንድ መነሻ ጀምሮ ቀን በቀን ላይ ይደመራል፣ አለቀ። መነሻው ከክርስቶስ ልደት በፊት 4713 ዓመት፣ በጁሊያን አቆጣጠር (በድሮው የሮማውያን ካሌንደር) ጃንዋሪ 1፣ ግሪንዊች ላይ ልክ ቀትር ሲሆን ነው። ያን ዓመት እ.ኤ.አ. በ1583 የመረጠው ጆሴፍ ስካሊገር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። በዚያ ዓመት የተለየ ነገር ስለተፈጠረ አልነበረም። የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት፣ የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደትና የ15 ዓመቱ የሮማውያን የግብር ዑደት ሦስቱም አብረው «አንድ» የሚሉበት ዓመት ስለሆነ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው 28ን እና 19ን እንግዳ አይላቸውም፤ የኛ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት የሆነው ሁለቱ ተባዝተው ነው። ቆጠራውን ለሥነ ፈለክ ሥራ ያስለመደው ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1849።

ቀኑ ለምን በቀትር ይጀምራል? የኮከብ ተመልካች ሥራ ሌሊት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ከተቀየረ የአንድ ሌሊት መዝገብ ለሁለት ይከፈልበታል። የግሪንዊች ቀትር አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ከምሽት እስከ ንጋት የሚያዩት ሁሉ በአንድ ቁጥር ሥር ይገባል። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ግን አልታደለም። በነሱ የብርድ ወራት ቁጥሩ የሚዞርበት ገና ሳይነጋ፣ እዚያ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት (በፈረንጆቹ 4) ሲሆን ነው።

ጥቅሙ በምሳሌ ይታይ። ቤቴልጁዝ የምትባለው ቀይ ኮከብ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ መደብዘዝ ጀምራ ብዙ ሰው «ልትፈነዳ ነው እንዴ?» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ በግራፍ ለማየት ከመስከረም 20 እስከ ሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. እንምረጥ። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 1 ቀን 2019 እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2020 ማለት ነው። በጁሊያን ቀን ደግሞ ከ2458758 እስከ 2458970። ሲቀነስ 212 ቀን። ፌብሩዋሪ በዚያ ዓመት 28 ነበረ ወይስ 29 ብሎ ራስን መጠየቅ የለም። ግራፉ ላይ ኮከቧ ፌብሩዋሪ አካባቢ ታች ወርዳ ቀስ እያለች ስትመለስ ታያላችሁ። የአንድ ሳምንት መረጃ ብቻ ብትመርጡ ግን ከተዘረጉ ነጠብጣቦች በቀር ምንም አታዩም። ሚራ የምትባለው ኮከብ ለምሳሌ ደምቃ፣ ደብዝዛ፣ እንደገና ለመድመቅ 11 ወር ገደማ ይፈጅባታል። ለሷ ግማሽ ዓመት መምረጥ ታሪኩን ከመሃል መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። ቁጥሩ ነጥብ አለው፤ .0 ቀትር፣ .5 እኩለ ሌሊት ነው። ተጠቃሚው «እስከ ኤፕሪል 30» ብሎ ሲመርጥ ፕሮግራሙ የተለመደው ቀን በእኩለ ሌሊት የሚጀምርበትን 2458969.5 ከያዘ የመጨረሻው ቀን ምልከታ በሙሉ ይቀራል። መያዝ የነበረበት 2458970.5 ነው። ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም፤ ዝም ብሎ መረጃ ይጎድላል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ይሄን ነው።

ሌላው የተሻሻለው ጁሊያን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የሶቪየቷን ሳተላይት ስፑትኒክን በኮምፒውተር ሲከታተሉ ረጅሙ ቁጥር ቦታ ስለፈጀባቸው 2400000.5 ቀነሱለት። አጠረ፣ ቀኑም ከእኩለ ሌሊት ጀመረ። ኦክቶበር 1 ቀን 2019 በዚህ ቆጠራ 58757 ነው። ይህን ቁጥር ረጅሙን በሚጠብቅ ሳጥን ውስጥ ካስገባችሁት ግን ሶፍትዌሩ ከ6500 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳችኋል፤ ከዚያ «መረጃ አልተገኘም» ይላችኋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሳጥኑ የተለመደውን ቀንና የጁሊያኑን ቁጥር ጎን ለጎን ያሳይ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ ይቀየር። ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ማሳያ ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ መስኮት ውስጥ ይዟል። የመጨረሻው ቀን ይካተት አይካተት በግልጽ ይጻፍ። «ያለፉት 400 ቀናት» የሚል ቁልፍ ቢኖር ደግሞ እሰየው፤ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

የኛን ዘመን አቆጣጠር መጨመርም በዚሁ መንገድ ይቀላል። ስሌቱ ሁሉ በቁጥሩ ስለሚሄድ የሚነካው መግቢያውና መውጫው ብቻ ነው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው መፈተሻ ይሁነው፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በግሪንዊች ቀትር ላይ 2454356 ነው።