የኢራ5-ላንድን ዝናብ 24 ጊዜ አትደምሩ

ከኢራ5-ላንድ (ERA5-Land፣ ያለፈውን የአየር ሁኔታ በየሰዓቱ የሚሰጥ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል የመረጃ ስብስብ) ለአየር ንብረት ሞዴል ግብዓት የሚያዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነው፦ «የአንድ ቀን ዝናብ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ወጣልኝ፤ ያን ቀን ግን ካፊያ ብቻ ነበር።» መረጃው አልተበላሸም፤ የተሳሳተው ድምሩ ነው።

የኢራ5-ላንድ ዝናብ እንደ ውሃ ቆጣሪ ነው። በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ከዜሮ ይነሳና ቀኑን ሙሉ እየጨመረ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት 2፣ እስከ 11 ሰዓት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። ቆጣሪው መጀመሪያ 2፣ ቀጥሎ 5 ያሳያል፤ ዝናቡ ቢያባራም እስከ ቀኑ ማብቂያ 5 እንዳለ ይቆያል። ከ01 እስከ ማግስቱ 00 ሰዓት ያሉትን 24 ቁጥሮች ብትደምሩ 57 ይሆናል! እውነተኛው 5 ነው፤ የሚገኘውም በማግስቱ ቀን በግሪንዊች 00 ሰዓት ላይ ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው፤ ፋይሉ የማግስቱን ቀን ካልያዘ የመጨረሻው ቀን ድምር ይጎድላል።

የየሰዓቱን ዝናብ ከፈለጋችሁ ከእያንዳንዱ ሰዓት ቁጥር ላይ ያለፈውን ሰዓት ቁጥር ቀንሱ። የ01 ሰዓቱን ግን አትንኩት፤ ከበፊቱ ያለው የትናንት ድምር ነውና ብትቀንሱ ከዜሮ በታች ዝናብ ታገኛላችሁ።

በኢራ5 (ኢራ5-ላንድ በተመሠረተበት ሌላ የመረጃ ስብስብ) የሰዓት መረጃ ግን እያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ሰዓት ብቻ ስለሚይዝ መደመር ትክክል ነው። ሰውን የሚያሳስተው የስማቸው መመሳሰል ይመስለኛል። ሁለቱም በሜትር ነው የሚሰጡት፤ ወደ ሚሊ ሜትር ለመቀየር በ1000 ማባዛት አትርሱ።

መረጃውን እንዳወረዳችሁበት ድረ ገጽ የሚለያየው ይህ ነው፦ አንዳንድ ድረ ገጾች የኢራ5-ላንድን ዝናብ በየሰዓቱ ቀንሰው ያቀርባሉ። በቀኑ መሃል ቁጥሩ ከወረደ ቆጣሪ አይደለም።