የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፦ በአንዲት "ተ" የሚለያዩ ሰዎች

ሽምግልና ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። "እኔ እኮ ድሮ ረስቼዋለሁ፣ እሱ ነው የሚያካብደው" የሚለውን። ሌላኛው ዝም ብሎ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው "አይ ልጄ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ይላሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ሰውዬው "ረስቼዋለሁ" ማለቱ ራሱ ወጊው ማን እንደነበረ አሳብቆበታል።

አባባሉን ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ብድር የካደ ጓደኛ ላይ እንወረውረዋለን፣ የድሮ ፍቅረኛ ላይ፣ ፖለቲካ ላይማ በየቀኑ። ከመደጋገሙ የተነሳ ዶልዱሞብኝ ነበር። ስለቱ የተመለሰልኝ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎችን ምስክርነት ማንበብ ስጀምር ነው።

እስቲ ከቃሉ እንነሳ። "ወጋ" የጦር ቃል ነው። ከዚሁ ግሥ "ውጊያ" ይወጣል፣ "ውጋት"ም ይወጣል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ውጊያው የወጊው ነው፣ አንድ ቀን ውሎ ያልቃል። ውጋቱ የተወጊው ነው፣ ብርድ በነካው ቁጥር ይነሳበታል። ጦሩን የሰበቀው ሰው ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ ፎክሮ ቤቱ ይገባል፣ እራቱንም ይበላል። የተወጋው ግን ጎኑን ይዞ ይቀራል፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ እንኳን የሚወስንለት ያ ቁስል ነው።

ደግሞ "ተ"ን ልብ በሉልኝ። የወጋ፣ የተወጋ። በሁለቱ ሰዎች መሐል ያለችው አንዲት ፊደል ናት።

ጃፓኖች ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉትን "ሂባኩሻ" ይሏቸዋል። ቃሉ ሦስት ቁራጭ ነው፤ "ሻ" ሰው፣ "ባኩ" ፍንዳታ፣ "ሂ" ደግሞ የደረሰበት፣ የተደረገበት የሚል ነገር ነው። "ሂ" የኛን "ተ" ሥራ ትሠራለች ማለት ነው። ይህን ሳውቅ አባባላችንን ለእነሱ መተርጎም እንደማይከብድ ገባኝ፤ ግማሹን በስማቸው ተሸክመውት ይዞራሉ።

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 6 ቀን 1945፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ ባታምታቱብኝ።) ኮሎኔል ፖል ቲቤትስ የሚያበርረው ቦምብ ጣይ "ኢኖላ ጌይ" ይባላል። የእናቱ ስም ነው። ቦምቡ ደግሞ "ትንሹ ልጅ" ተብሏል። እናትና ልጅ! እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ቆም እላለሁ። ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ለቀቁት፣ ከከተማዋ በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ፈነዳ። ዓመቱ ሳያልቅ 140,000 ገደማ ሰው ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ ተረኛዋ ናጋሳኪ ሆነች፣ እዚያም እስከ ዓመቱ መጨረሻ 74,000 ገደማ። የዚያን ቀን ዒላማ ደግሞ ኮኩራ የምትባል ሌላ ከተማ ነበረች፤ ሰማይዋ በደመናና በጭስ ስለተሸፈነ አውሮፕላኑ ከላይዋ ዞሮ ዞሮ ሲያቅተው ወደ ናጋሳኪ ሄደ። አንዱ ከተማ በደመና ተረፈ፣ ሌላው አለቀ።

የጥንቱ ወጊ ቢያንስ የሚወጋውን ሰው ዓይን ያያል። ሲወድቅ ይሰማዋል። ከ9 ኪሎ ሜትር ላይ ሰው አይታይም፤ የሚታየው ወንዝ፣ ድልድይና ጣሪያ ነው። ያላየኸውን ደግሞ ለመርሳት መች ትቸገራለህ?

ከታች ያሉት ያዩትን በአንድ ቃል ጠሩት፦ "ፒካዶን"። "ፒካ" ብልጭታው ነው፣ "ዶን" ድምፁ። ከከተማዋ ራቅ ብለው የነበሩት "ፒካዶን" ይላሉ፣ መጀመሪያ ብርሃኑን አይተው ቀጥሎ ድምፁን ስለሰሙ። መሐሉ ላይ ከነበሩት የተረፉ ብዙዎች ግን "ፒካ" ብቻ ነው የሚሉት። ድምፅ አልሰሙም። ሰውየው ቃሉን ሲጠራ ብቻ የት ቆሞ እንደነበር ታውቃለህ።

ምስክርነቶቹ ውስጥ ሁሌ የሚመለስ አንድ ነገር አለ፣ ውሃ። የተቃጠሉት ሰዎች "ውሃ፣ ውሃ" እያሉ ይለምኑ ነበር። የዳኑት ደግሞ "ለተቃጠለ ሰው ውሃ ከሰጣችሁ ይሞታል" ተብለው ስለነበር ከለከሏቸው። ልመናው እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። ከ30 ከ40 ዓመት በኋላ ሲናገሩ ብዙዎቹን የሚያስለቅሳቸው ቦምቡ አይደለም፣ ያ የከለከሉት ጉንጭ ውሃ ነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ በሂሮሺማው መታሰቢያ ላይ ለሙታኑ ውሃ የሚቀርበው። እንግዲህ ተወጊ አይረሳም ስንል ወጊውን ብቻ የሚያስታውስ ይመስለናል አይደል? እነዚህ ሰዎች የማይረሱት የገዛ እጃቸውን ነው፣ ያላቀበለውን እጅ።

ወዲህ ደግሞ ወደ ወጊው እንምጣ። ቲቤትስ እስከ ዕለተ ሞቱ "እንቅልፌን እተኛለሁ፣ አልጸጸትም" ሲል የኖረ ሰው ነው። ይህ ምርጫው ነው ልንል እንችላለን። በ1976 ግን ቴክሳስ ውስጥ በተደረገ የአውሮፕላን ትርዒት ላይ ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን አብርሮ የሂሮሺማን ቀን እንደ ድራማ ደገመው፣ ለተመልካች የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ጭስ ሳይቀር ተለቆ! ሂሮሺማ ስትጮህ የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። አባባላችን ምሳሌ ቢቸግረው ይህችን ይውሰድ።

አውሮፕላኑ ራሱ ዛሬ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ባለው የስሚዝሶንያን ሙዚየም። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ልትቀበሉ ስትሄዱ በአጠገቡ አልፋችኋል። በ1995 ሙዚየሙ ከአውሮፕላኑ ጋር የተጎጂዎቹንም ታሪክ ሊያሳይ አስቦ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትና የምክር ቤት አባላት ተነሱበት፣ ዕቅዱ ተሰረዘ፣ ዳይሬክተሩም ለቀቀ። በ2003 ሙሉው አውሮፕላን ሲቆም የተለጠፈበት ጽሑፍ ስለ ሞተሩና ስለ አሠራሩ ያወራ ነበር። ስንት ሰው ሞተ የሚል ቁጥር አልነበረበትም። ከጃፓን ድረስ የመጡ ሂባኩሻዎች ፊቱ ቆመው ተቃወሙ።

ግን አንዲት ነገር እንዳታመልጠን። አባባሉ "ይረሳል" አላለም፣ "ቢረሳ" ነው ያለው። ላይረሳም ይችላል። የዚያን ጠዋት ቀድሞ በርሮ የሂሮሺማን አየር ሁኔታ ያየውና ሰማዩ ክፍት ነው ብሎ መልእክት የላከው ክሎድ ኢዘርሊ ከጦርነቱ በኋላ ሕይወቱ ተቃወሰ፣ የአእምሮ ሆስፒታል ሲገባና ሲወጣ ኖረ፣ ጥፋቱን በአደባባይ ተናገረ። ወግቶም የሚወጋው አለ ማለት ነው።

"ጃፓንስ ብትሆን?" የሚል አይጠፋም፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቻይናን፣ ኮሪያን፣ ፊሊፒንስን ጠይቁ፤ እዚያ ወጊዋ ጃፓን ናት፣ የምትረሳውም እሷ ናት ይሏችኋል። ሂሮሺማ ውስጥ እንኳን ከሞቱት መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ነበሩ፣ ብዙዎቹ ተገደው ለሥራ የመጡ። የነሱ መታሰቢያ በ1970 ሲቆም ከሰላም ፓርኩ ውጭ ነው የቆመው፤ ወደ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። 29 ዓመት! እዚያው ከተማ፣ በአንድ ቦምብ አብረው ሞተው።

እኛም ቢሆን ይህን አባባል በአየር ላይ አይደለም የያዝነው። ጣሊያን በ1935 እና 36 በአውሮፕላን የረጨብንን የመርዝ ጋዝ መከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1996 ነው። በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት። የካቲት 12ን የምታስብ አዲስ አበባ ያንን ስትሰማ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ።

ወደ ሂባኩሻዎቹ ልመለስ። አለመርሳት ማለት መናገር ማለት አይደለም። ለዓመታት ዝም አሉ፤ መጀመሪያ ነገር በአሜሪካ ይዞታ ዘመን ስለ ቦምቡ መጻፍ በሳንሱር የታፈነ ነበር፣ አሜሪካኖች ያቋቋሙት የጥናት ተቋም ደግሞ ደማቸውን ይወስዳል፣ ይለካቸዋል፣ ፎቶ ያነሳቸዋል እንጂ አያክማቸውም ነበር፣ በዚያ ላይ የገዛ ወገናቸው "ልጅ ቢወልዱስ?" እያለ ለጋብቻ ሸሻቸው፣ ሥራ የነፈጋቸውም አለ። ስለዚህ ብዙው ደበቀ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል እንዲሉ፣ "ይበቃል፣ እርሱት" የሚላቸው ግን አልጠፋም።

በ1956 ማኅበር አቋቋሙ፣ ኒሆን ሂዳንክዮ ይባላል። በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ኦስሎ ላይ የተናገሩት ቴሩሚ ታናካ በናጋሳኪው ቀን የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ፣ አምስት ዘመድ ቀብረዋል። በ92 ዓመታቸው ቆመው ሲናገሩ ከጻፉት ወጣ አሉና አንድ ነገር ደገሙ፤ የጃፓን መንግሥት ለሞቱት እስከ ዛሬ ምንም ካሣ አልከፈለም አሉ። በዓለም ፊት፣ ሽልማት ይዘው፣ ጣታቸውን ወደ ቤታቸው ቀሰሩ። ወደድኳቸው።

አማርኛ ላይ የሚገጥም አንድ ነገር አለ። "ወጋ" እና "አወጋ"። የተወጋ ያወጋል። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን አውጊ "ካታሪቤ" ይሉታል፣ ተማሪ ሰብስቦ ያየውን የሚተርክ። ዛሬ ግን አውጊዎቹ እያለቁ ነው። በ2025 በሕይወት ያሉ ሂባኩሻዎች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100,000 በታች ወረደ፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 86 ነበር። ሂሮሺማ ከ2012 ጀምሮ ተተኪ አውጊዎችን እያሠለጠነች ነው፤ አንድ ሠልጣኝ ከአንድ ሽማግሌ ሥር ቁጭ ብሎ ታሪካቸውን ይማርና በእሳቸው ፈንታ ያወጋል። ያልተወጋ ሰው የተወጋን ሰው ውጋት ተሸክሞ።

የሂሮሺማው መታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተጻፈውን ሳልነካ ባልፍ ይቆጨኛል። "በሰላም አንቀላፉ፣ ስሕተቱ አይደገምምና" ይላል። ማነው የተሳሳተው? ማነው የማይደግመው? ጃፓንኛው ባለቤቱን አይጠራም። በኛ ቋንቋ ይህ ጭንቅ ነው፤ "አንደግምም" ካልክ እኛ ነን፣ "አይደግሙም" ካልክ እነሱ ናቸው፣ ግሡ ራሱ ያጋልጥሃል። ማምለጫው "አይደገምም" ብቻ ነው። የጃፓን መሪዎች በተዳኙበት የቶኪዮ ችሎት ላይ የተቀመጡት ሕንዳዊው ዳኛ ራዳቢኖድ ፓል በ1952 አይተውት ተቆጥተው ነበር፣ ቦምቡን የጣለው ጃፓናዊ አይደለም ብለው። ከተማዋ ደግሞ ባለቤቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው ትላለች። ባራክ ኦባማም በ2016 እዚያው ሄደው ንግግራቸውን የጀመሩት ሞት ከሰማይ ወረደ በሚል ነው። ወረደ! ዝናብ ነው እንዴ? ሁለቱም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወጊ የለም። ሽማግሌያችን ቢሰሙ ጋቢያቸውን ሰብሰብ ማድረጋቸው አይቀርም ነበር።

ያን ቀን ግን ኦባማ አንድ ሽማግሌ አቅፈው ሲያስለቅሱ የዓለም ካሜራ ሁሉ አየ። ሺጌአኪ ሞሪ ናቸው። ቦምቡ ሲወድቅ የ8 ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ድልድይ ላይ ሲሄዱ ፍንዳታው አንስቶ ወንዝ ውስጥ ጣላቸው። ሲያድጉ ሂሮሺማ ውስጥ ታስረው የነበሩ 12 አሜሪካዊ ምርኮኞች በገዛ አገራቸው ቦምብ መሞታቸውን ሰሙ። የታሪክ ምሁር አይደሉም፣ ቢሮ ሠራተኛ ነበሩ። ቢሆንም ለአሥርተ ዓመታት በትርፍ ጊዜያቸው፣ በኪሳቸው፣ መዝገብ እያገላበጡና አሜሪካ ድረስ እየደወሉ ቤተሰቦቻቸውን ፈለጉ። ልጃቸው የት እንደቀረ በቅጡ ያልተነገራቸው ቤተሰቦች ነበሩ። አገኟቸው፣ ነገሯቸው። የ12ቱም ስምና ፎቶ ሂሮሺማ በሚገኘው የሙታን መታሰቢያ አዳራሽ ተመዘገበ፣ ከጃፓኖቹና ከኮሪያውያኑ ጋር አንድ ላይ።

እነዚያን 12ቱን በየትኛው ወገን እንደማስቀምጣቸው ደጋግሜ አስቤያለሁ። የመጡት ቦምብ ሊጥሉ ነው። ሞሪ ግን "ተ"ዋን ጨምረውላቸዋል።