የእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ በጎንደር ጆሮ

እንግሊዞች «ፐን» የሚሉት ጨዋታ አንድን ድምፅ ሁለት ትርጉም አሸክሞ ማሳቅ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጎንደሬ ይህን ማስረዳት ብዙም አያደክምም። «ግሬቭ» መቃብርም ኮስታራም ማለት ነው። የሼክስፒር መርኩሺዮ በሰይፍ ተወግቶ ሲሞት «ነገ ብትፈልጉኝ ግሬቭ ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ» የሚለው በዚህች ቃል ነው። አዝማሪ ቢሰማው ማሲንቆውን ያነሣ ነበር።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚደብቁበት ቦታ ግን ይለያያል። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚደብቀው ከጆሮ ነው። «ናይት» ሲባል ሌሊት ይሁን ፈረሰኛ ጦረኛ አይታወቅም፤ ሲጻፍ ግን ጦረኛው የማይነበብ «ኬ» ከፊቱ አስቀድሞ ይመጣና ምስጢሩ ይወጣል። ያ ፊደል ድሮ ይነበብ ነበር፤ ድምፁ ሲጠፋ ጽሕፈቱ ቀረ። የእኛ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ ከዓይን ይደብቃል። «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ አንባቢው አፉን እስኪከፍት አይለይም።

ቃልን ቆርጦ መቀጠል ላይ ግን ይገናኛሉ። «ቡና አድርገው» በፍጥነት ሲባል «ቡን አድርገው» ይሆናል፤ እንግዳ መቀበያው ጠላትን ማጥፊያ ሆነ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ልጆች «ኖክ ኖክ» እያሉ በር የሚያንኳኩበት ጨዋታም እንዲሁ ነው። ከውስጥ «ማን ነው?» ሲባል «ሌተስ» ይላል፤ ሰላጣ ማለት ነው። «ሌተስ ማን?» ሲሉት «ሌተስ ኢን!» ይላል። ሰላጣው «ሌት አስ» ሆነና «አስገቡን» አለ።

የሚለየው አቀባበሉ ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ዘርፎ ወርቁ ሲገኝለት ሰሚው «ይበል!» ይለዋል። ፐን የተናገረ እንግሊዝ የሚጠብቀው ምስጋና ሳይሆን ማቃሰት ነው፤ ሰሚው «ኧረ በቃህ» ብሎ ፊቱን ካጨማደደ ተሳክቶለታል። ለእኔ ይህ ከቃሉ ጨዋታ ይልቅ ለመልመድ ይከብዳል።

ፈሊጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ግን በሽተኛው «ኪክድ ዘ በኬት» ሲባል መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ ባልዲና እርግጫ እንጂ ሞት አያገኝም። በሐምሌ ዶፍ ሲወርድ እነሱ ድመትና ውሻ ዘነበ ይላሉ፤ እኛ ሰማዩ ተቀደደ እንላለን። እኔም አንድ ጊዜ አስተማሪዬ «እግሬን እየጎተትክ ነው?» ሲሉኝ ደንግጬ ከጠረጴዛው ሥር አይቻለሁ። እየቀለድክብኝ ነው ማለታቸው ነበር።

ከተማዋ ራሷ ለፐን ትመቻለች። «ፋሲል» በእንግሊዝ አፍ ሲነገር ለ«ፎሲል» ይቀርባል። ፎሲል ድንጋይ የሆነ የጥንት ፍጡር ነው፤ ለቀልድ ሲሆን ደግሞ ዘመን ያለፈበት ሽማግሌ። በ17ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ ግንብ ሥር ቆሞ ይህን የሰማ ቱሪስት መሳቁ አይቀርም። እሱን እየሰማ በጥላው ያረፈ የአገሬው አዛውንት ግን ትርጉሙን እንዲነግሩት ከጠየቀ፣ አስጎብኚው ሌላ ነገር ቢነግረው ይሻላል።