ሶቪየትና ፓራንጃ፦ የሚወራውና የሆነው

«ኮሚኒስቶች የሙስሊም ሴቶችን መሸፋፈን በአዋጅ ከለከሉ፤ በቃ፣ ቀረ» የሚል ታሪክ አለ። ለወሬ ይመቻል። የሆነው ግን ሌላ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኡዝቤኪስታን ውስጥ ሶቪየቶች በሕግ ከለከሉ»

ሕግ አልወጣም። ይውጣ አይውጣ ተብሎ ፓርቲው ውስጥ ብዙ ተከራክረውበታል። የተደረገው ዘመቻ ነው፤ ሁጁም ይሉታል። በ1927 ማርች 8፣ በሴቶች ቀን ተጀመረ። ሴቶች አደባባይ ወጥተው ከራስ እስከ እግር የሚወርደውን ፓራንጃና ከፈረስ ጭራ የተሠራውን የፊት መከለያ እሳት ውስጥ ጣሉ።

«ከዚያ በኋላ ሁሉም ፊታቸውን ገለጡ»

የት ተደርጎ! ብዙዎቹ ስብሰባ ላይ አውልቀው በቀናት ውስጥ መልሰው ለብሰዋል። የፓርቲ አባል የሆነ ባል ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል። እሷም ሰው ፊት ታወልቃለች። ሰፈር ስትመለስ ግን የሚጠብቃት ሌላ ነው፦ ስድብ፣ ድብደባ፣ ከዚያም የባሰ። በ1927 እና በ1929 መካከል የተገደሉት ሴቶች ወደ 2,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ባዳ አልነበረም። ዳንሰኛዋን ኑርኾን ዩልዳሼቫን በ1929 የገደላት የገዛ ወንድሟ ነው። መንግሥት «ገለጡ» ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ ቢላዋው የሚያርፈው ሴቶቹ ላይ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፓራንጃ ከመንገድ የጠፋውም በዘመቻው ማግስት ሳይሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀስ በቀስ ነው።

«የሞስኮ ሐሳብ ብቻ ነበር»

አይደለም። ጀዲድ የሚባሉት ሙስሊም ለውጥ ፈላጊዎች ከአብዮቱ በፊት ሴቶች ልጆች ይማሩ እያሉ ይጽፉ ነበር። ከ1927 በፊት በራሳቸው ፈቃድ ፊታቸውን የገለጡ የኡዝቤክ ሴቶችም ነበሩ።

«የመካከለኛው እስያ ሙስሊም ሴት ሁሉ ፓራንጃ ትለብስ ነበር»

የካዛክና የኪርጊዝ ዘላን ሴቶች አይለብሱም ነበር። የከተሜና በአንድ ቦታ የሰፈረ ገበሬ ልብስ ነበር።

«እንግዲያው ሕግ ያወጣ ኮሚኒስት የለም»

አለ፤ ዩጎዝላቪያ። የዩጎዝላቪያ አካል የነበረችው የቦስኒያ ምክር ቤት በ1950 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ «ዛር» የሚባለውን የፊት መሸፈኛና «ፈረጃ» የሚባለውን ረጅም መደረቢያ ከለከለ። የለበሰች ሴት እስከ 3 ወር እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት ይጠብቃታል። ያስገደዳት ሰው ቅጣቱ ከዚህ ይከብዳል። ሻሽ ግን አልተነካም።

አልባኒያን የሚጠቅሱም አሉ። እዚያ ፊት መሸፈን የተከለከለው ግን በ1937 በንጉሥ ዞግ ዘመን ነው፤ ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ከመያዛቸው 7 ዓመት በፊት።