«እጅ ይለምደዋል» ስለ ቀዶ ሕክምናና ኢንዶስኮፒ መሣሪያ እጀታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብስክሌት በሚበዛባት ባሕር ዳር አንድ ልጅ የአባቱን ብስክሌት ይዞ ቢወጣና ጣቱ ፍሬኑ ላይ ባይደርስ «ቆይ፣ እጅህ ይለምደዋል» የሚለው የለም። ጠጋኙ ፍሬኑን ወደ መሪው ያስጠጋለታል፤ ካልሆነም ልጁ ይወርዳል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን መሣሪያው ለእጅ አልገጥም ሲል ጥፋተኛ የሚሆነው እጁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች በሐኪሞች፣ መሣሪያ በሚያቀብሉ (ስክራብ) ነርሶች፣ በባዮሜዲካል ባለሙያዎችና አዲስ እጀታ ልሥራ ብለው በሚነሱ የምህንድስና ተማሪዎች ዘንድ ደጋግመው ይሰማሉ።

«አውራ ጣት መደንዘዙ የጀማሪ ነገር ነው፤ ሲለመድ ይጠፋል»

አይጠፋም። አብዛኛው የላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ በካሜራ እየታየ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና) መሣሪያ እንደ መቀስ ሁለት ቀለበት አለው። የአውራ ጣትን ስሜት የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች በጣቱ ግራና ቀኝ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቁ ያልፋሉ። ጣቱ ከመገጣጠሚያው አልፎ ቀለበቱ ውስጥ ሲሰምጥ የቀለበቱ ጠርዝ ነርቩን ከአጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል። ልምድ ያለው ሐኪም ረጅሙን ኦፕሬሽን የሚሠራ እሱ ስለሆነ ችግሩ እንዲያውም እሱ ላይ ሊበረታ ይችላል።

ቀለበቱ ውስጥ መግባት ያለበት የአውራ ጣት ጫፍ ሥጋ ብቻ ነው። ሐሞት ከረጢትን ይዞ ማቆየትን የመሰለ ረጅም ሥራ ሲሆን ራቼት (ቆልፎ የሚይዝ ጥርስ) ያለውን እጀታ መቆለፍ፣ ከዚያ አውራ ጣትን ከቀለበቱ አውጥቶ መሣሪያውን በመዳፍ መያዝ ይሻላል። ንድፍ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከቀለበቱ ስፋት በፊት የጠርዙን ውፍረት ይመልከት። ሽቦ የመሰለ ቀጭን ቀለበት የቱንም ያህል ቢሰፋ ግፊቱን በአንድ መስመር ላይ ያሳርፈዋል፤ ጠርዙ ሰፍቶና ተሞርዶ ሲዞር ያው ግፊት ይሰራጫል።

«ደረጃውን የጠበቀ እጀታ ለሁሉም እጅ ይሆናል»

ጓንት ከ5.5 እስከ 9 ድረስ በግማሽ በግማሽ እያደገ ይመጣል። እጀታው ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ልክ ነው የሚመጣው። የጓንት ቁጥር በግርድፉ የመዳፍ ዙሪያ በኢንች ነው (አውራ ጣት ሳይቆጠር)፤ ስለዚህ 6.5 ማለት 16.5 ሴንቲሜትር ያህል፣ 8 ማለት ከ20 ሴንቲሜትር ትንሽ የሚያልፍ ነው። 6.5 እና ከዚያ በታች የሚያጠልቁ ሐኪሞች በእነዚህ መሣሪያዎች ይበልጥ እንደሚቸገሩ በጥናት የታወቀ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የመሣሪያው አፍ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቀለበቶቹም ይራራቃሉ። ትንሽ እጅ እዚያ ድረስ ሲዘረጋ ጣቶቹ ጉልበት በሚያጡበት ቦታ ላይ ይገኛሉ። እጀ ትንሿ ሐኪም መሣሪያውን በሁለት እጅ ትይዘዋለች፤ አለዚያ የእጅ አንጓዋን አጥፋ ትጨምቀዋለች። ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ናሙና አስመጥቶ በክፍሉ ውስጥ ትንሹንና ትልቁን ጓንት የሚያጠልቁት ሁለት ሰዎች እንዲሞክሩት ማድረግ ብዙ ይቆጥባል። ሙከራው ጓንት ተጠልቆና ጓንቱ ረጥቦ ይሁን። ቢሮ ውስጥ በደረቅ እጅ የማያንሸራትት እጀታ ደም ሲነካው ሌላ ነው።

«አልይዝ ካለ ጉልበት ጨምር»

በክፍት ቀዶ ሕክምና የምንይዘው ሃሞስታት (የደም ሥር መቆንጠጫ) የእጃችንን ጉልበት አባዝቶ ጫፉ ላይ ያደርሰዋል። ላፓሮስኮፒ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ5 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ፒን አፉን ይዘጋል፤ ከእጅ የወጣው ጉልበት አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መሣሪያው ሲጀመርም ጉልበት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ የደረቀ ደም ዘንጉ ውስጥ ከጋገረ ወይም ፒኑ ከተበላ ጉልበት መጨመር ዘንጉን ማጣመም ነው።

ከኦፕሬሽን በፊት የሚደረግ ሙከራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እጀታውን ቀስ ብለው ይክፈቱና ይዝጉ፤ መሐል ላይ የሚይዘው ነገር ካለ ወደ ማጠቢያ ይመለስ። ጫፉን የሚያዞረው መንኮራኩር በሌባ ጣት ብቻ መዞር አለበት። ራቼት ላለው ክላምፕ ደግሞ በመጀመሪያው ጥርስ ቆልፈው እጀታውን በመዳፍዎ ላይ ቀለል አድርገው ይምቱት። ከተፈታ ጥርሱ አልቋል፤ ለጥገና ይሂድ። መገጣጠሚያውን ለማለስለስ በውኃ የሚሟሟ የመሣሪያ ቅባት ነው የሚደረገው። የማሽን ዘይት የማምከኛውን እንፋሎት ስለማያሳልፍ ከሥሩ ያለው ነገር ሳይጸዳ ይቀራል።

ንድፍ ላይ ግን ቀላል መልስ የለም። የእጀታውን ክንድ ማስረዘም ጫፉ ላይ ጉልበት ይጨምራል፣ ጣት የሚጓዘውን ርቀትም ያንኑ ያህል ያረዝማል፤ ትንሿ እጅ ደግሞ ያጣችው ያንን ርቀት ነው። «ጉልበት ጨመርን» ብሎ የሚቀርብ ንድፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እጅ ስንት ሴንቲሜትር ይከፈታል?» ነው።

«ትከሻ የሚያመው እጀታው መጥፎ ስለሆነ ነው»

አንዳንዴ ጥፋቱ የአልጋው ነው። ለክፍት ቀዶ ሕክምና የተስተካከለ አልጋ ለላፓሮስኮፒ ከፍ ይላል፤ መሣሪያው ረጅም ስለሆነ እጀታው ከታካሚው ሆድ በላይ ብዙ ይወጣል፣ ክንድም አብሮ ይነሣል። እጀታው በክርን ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ለዚህ የሚመከረው የአልጋ ከፍታ ከወለል 64 እስከ 77 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ እዚያ ድረስ የማይወርድ አልጋ ብዙ ነው። ያኔ ሐኪሙ መርገጫ ላይ ይቁም። የካውተሪው (ሥጋን በኤሌክትሪክ የሚቆርጠውና ደም የሚያቆመው መሣሪያ) ፔዳልም አብሮ መርገጫው ላይ ይውጣ፤ ይህ ይረሳል፣ ከዚያ አንድ እግር ወለል ላይ፣ አንድ እግር መርገጫ ላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት ይቆማል።

«ወርቃማ ቀለበት ጌጥ ነው»

ምልክት ነው። መርፌ መያዣ ላይ ሲሆን አፉ በተንግስተን ካርባይድ መለበዱን ይነግራል። ከተራው መርፌ መያዣ ጋር ቀላቅሎ በእሱ ሽቦ መቁረጥ አፉን ያበላሸዋል።

«እጀታ በ3ዲ ማተም ቀላል ነው፤ አትሞ አውቶክሌቭ ውስጥ መክተት ነው»

በአታሚዎች ዘንድ የተለመደው ፒ.ኤል.ኤ. የተባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ከ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) የሚወጣው እጀታ ሳይሆን የተጨማደደ ነገር ነው። ሙቀቱን የሚችል ፕላስቲክ ቢገኝ እንኳ በንብርብር የታተመ ነገር መሐሉ ላይ ጥቃቅን ክፍተት ስላለው ደምና ሳሙና ይደበቅበታል። ለቋሚ ሥራ አይዝጌ ብረት፣ ወይም እንደ ፒ.ፒ.ኤስ.ዩ. እና ፒክ ያሉ ሙቀት የሚችሉ ፕላስቲኮች ናቸው የሚያዋጡት።

ማተም የሚጠቅመው ቅርጽ ለመፈተሽ ነው። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ አትሞ በመለማመጃ ሳጥን ላይ ማስያዝ በርካሽ ብዙ ያስተምራል። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የአንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸውና መሐንዲሱ ናሙናውን ይዞ ሐኪም ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

ስለ አውቶክሌቭ ካነሣን፣ መማሪያ ላይ «121 ዲግሪ፣ 15 ፒ.ኤስ.አይ.» (ፒ.ኤስ.አይ. የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ እንኳ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የግፊት ማንበቢያው (ጌጁ) የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት በመሆኑ እዚህ 121 ዲግሪ ለመድረስ ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ማንበብ አለበት። በ15 የቆመ አውቶክሌቭ 118 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። በሙቀት ራሱን የሚቆጣጠር ማሽን ይህ አያሳስበውም፤ በእጅ የሚሠራው ግን ያሳስበዋል። እጀታ ከዚህ ጋር የሚገናኘው ራቼቱና መገጣጠሚያው ቆሻሻ የሚደበቅባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተከፍተው ይግቡ፣ ተቆልፈው አይግቡ።

አንድ ነገር እዚሁ ይጨመር። በካውተሪ የሚሠራ መሣሪያ እጀታ ላይ ያለው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ወደ እጅ እንዳያልፍ የሚከላከል ነው። «እንዲመቸኝ» ብሎ መሞረድ፣ መብሳት ወይም የተሰነጠቀውን በፕላስተር መጠቅለል አይገባም።

«ኢንዶስኮፒ ቀላል ሥራ ነው፤ እጅ አይጎዳም»

ኢንዶስኮፒ ጫፉ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ወደ ሰውነት አስገብቶ ውስጡን ማየት ነው። ግራ እጅ የቱቦውን መቆጣጠሪያ ተሸክሞ ይቆያል፤ አውራ ጣት ትልቁን መንኮራኩር ለላይና ለታች፣ ትንሹን ለግራና ለቀኝ ያዞራል፤ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት መምጠጫውንና የአየር-ውኃውን ቁልፍ ይጫናሉ። የጨጓራ ኢንዶስኮፕ ጫፍ ወደ ላይ እስከ 210 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ያን ሁሉ የሚገፋው አንድ አውራ ጣት ነው። በአውራ ጣት ሥር በእጅ አንጓ በኩል የሚሰማው ሕመም ከዚህ የመጣ የጅማት መቆጣት ሊሆን ይችላል።

አጭር አውራ ጣት ትንሹ መንኮራኩር ላይ አይደርስም። ሐኪሙ ቀኝ እጁን ከቱቦው አንሥቶ ወደ መንኮራኩሩ ይልከዋል፤ በዚያ ቅጽበት ቱቦው ይንሸራተታል። የተሻለው ግራና ቀኙን በመንኮራኩር ሳይሆን ቱቦውን በቀኝ እጅ በማዞር ማግኘት ነው፤ ጫፉ ባለበት መቆየት ካለበት የመንኮራኩሩን መቆለፊያ መጠቀም። ከኢንዶስኮፑ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ከተጠማዘዘ መቆጣጠሪያውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ ግራ አንጓም ሳይታወቅ ያንን ሲታገል ይውላል። ገመዱ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ይዘርጋ። መንኮራኩሩ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ከከበደ፣ ወይም ሙሉ ዞሮ ጫፉ እንደ ድሮው ካልታጠፈ፣ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ላልተዋል ወይም ተጎድተዋል፤ ያ መሣሪያ ወደ ባዮሜዲካል ክፍል ይሄዳል እንጂ በአውራ ጣት አይገፋም።