«የአልባኒያ ልዑል» ማለት ምን ማለት ነው?

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «የአልባኒያ ልዑል» የሚለው ማዕረግ ዙፋንና ዘውድ ተከትሎት የሚመጣ ሹመት አልነበረም። አገሩን በሙሉ የሚገዛ ንጉሥ ስላልነበረ፣ ስሙን የያዘው ሰው በጎረቤት መሳፍንትም ሆነ በባሕር ማዶ ኃይሎች ዘንድ ራሱ ማስከበር ነበረበት። ይህንን በዚያው ዘመን አልባኒያ ውስጥ ከገዙት መሳፍንት አንዱ ከሆነው ከካርል ቶፒያ ታሪክ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ አላውቅም።

የነገሩ ቁልፍ በአድርያቲክ ባሕር ዳር ያለው የዱረስ ወደብ ነው። ከፈረንሳይ ነገሥታት ዘር የሆነው የአንዡ ቤት ሰው ቻርልስ ቀዳማዊ በ1272 እ.ኤ.አ. «የአልባኒያ መንግሥት»ን ያወጀው ይህችን ከተማ ይዞ ሲሆን፣ ኔፕልስ ላይ የነገሡት ዘሮቹም የይገባኛል ጥያቄያቸውን አልተዉም። በ1355 የሰርቢያው ንጉሠ ነገሥት ስቴፋን ዱሻን ሲሞት ግዛቱ ተበታተነና ቶፒያዎች፣ ባልሻዎች፣ ሙዛካዎችና ሌሎችም የመሳፍንት ቤቶች መሬቱን ይሻሙ ጀመር። ካርል በ1359 በአኬሎስ ውጊያ ከአልባኒያ በስተደቡብ ያለውን የኤጲሮስን ግዛት የሚገዛውን ኒኪፎሮስ ኦርሲኒን አሸነፈ፤ ኒኪፎሮስም እዚያው ወደቀ። ዱረስን በ1368 ያዘ፣ በ1376 በናቫራ ቅጥረኛ ወታደሮች ተነጠቀ፣ በ1383 ግን አስመለሰ።

ካርል ራሱን እንዴት ማሳየት እንደፈለገ የሚነግረን ኤልባሳን አጠገብ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቭላዲሚር ገዳም ነው። በምድር መንቀጥቀጥ የፈረሰውን ቤተ ክርስቲያን አሳንጾ በ1381 ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክ፣ በላቲንና በስላቭ ቋንቋ የቆመ ሲሆን፣ ካርልንም ከፈረንሳይ ነገሥታት ደም የተወለደ ይለዋል። እናቱ የኔፕልሱ ንጉሥ ሮበርት ከጋብቻ ውጭ የወለዳት ልጅ ናት ይባላልና፣ ይህ ሐረግ አንዡዎች በሚያነሡት መብት ላይ እርሱም ድርሻ እንዳለው የሚናገር ነው። ሦስቱ ቋንቋዎችም ያለ ምክንያት አልተመረጡም፤ በደቡብ ግሪኮች፣ በሰሜንና በምሥራቅ ስላቮች፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ላቲኖች ነበሩ። አንድ ድንጋይ ለሦስቱም ወገን እንዲናገር ማድረግ በእኔ ግምት ከብዙ ውጊያ የሚበልጥ ብልሃት ነው።

ከባድ ፈተና የመጣበት ግን ከአማቾቹ ነው። ሚስቱ ቮይሳቫ የባልሻ ቤት ልጅ ብትሆንም፣ ዳግማዊ ባልሻ በ1385 ዱረስን ከካርል ነጥቆ ራሱን የከተማዋ መስፍን አሰኘ። ካርልም የኦቶማኑን ሱልጣን ቀዳማዊ ሙራድን እርዳታ ጠየቀ ይባላል። በዚያው ዓመት መስከረም 18 ቀን እ.ኤ.አ. በሳቭራ ሜዳ የኦቶማን ጦር የባልሻን ጦር ሰባበረው፤ ባልሻም ተገደለ። ካርል ከተማውን መልሶ አገኘ፤ ይሁን እንጂ ከሳቭራ በኋላ ብዙዎቹ የአካባቢው መሳፍንት የሱልጣኑን የበላይነት ለመቀበል ተገደዱ።

ካርል በ1388 ሞተ። የወረሰው ልጁ ጌርጊ ዱረስን ከኦቶማኖች መከላከል ስላቃተው በ1392 ለቬኒስ አስረከባት።